ሰላሳ እስክቆጥር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሴቶቹ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የእግር ጣቶቻቸው መሃል ላይ ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። ካልሲ ያደረገ እግር፣ ባዶ እግር፣ ያበጠ እግር። የት ልርገጥ ብዬ ቆምኩ። ፖሊሷ ከኋላዬ ቀስ ብላ ገፋ አደረገችኝ። በክፋት አልነበረም፤ በሩን መዝጋት ስለነበረባት ነው።

ከሁለት ሰዓት በፊት ልደታ ማርያም አጠገብ ቆሎ እየሸጥኩ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል፤ በጾም ቆሎ ይሄዳል። የምጠቀልልበትን ወረቀት ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ከምታጸዳ ሴት በኪሎ እገዛ ነበር። አላነበውም። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ፤ ወረቀት ስይዝ ግን የማየው ንጹሕ መሆኑን፣ ቀለሙም ቆሎውን እንዳይነካው ብቻ ነበር። የዚያ ሳምንት ወረቀት ውስጥ ሰውን ለሰልፍ የሚጠራ ጽሑፍ ገብቶበት ኖሯል። አንዱ ደንበኛ ቆሎውን ጨርሶ ወረቀቱን አነበበ መሰለኝ። ሁለት ሰዎች መጡ። ዘንቢሌን ገልብጠው አዩና ለስንት ሰው እንዳደልኩ ጠየቁኝ። ቆሎ ነው የሸጥኩት አልኩ።

«ይሄን ብልሃት ማን አስተማረሽ?» አለኝ አንደኛው።

ብልሃት መስሎታል። ወረቀቱን ማን እንደሰጠኝ ደጋግመው ጠየቁኝ። የሴትዮዋን ስም አልተናገርኩም። እሷም እንደኔ ሳታነብ የምትሸጥ ናት፤ ልጆች አሏት። ከመንገድ ገዛሁት አልኩ። ከሰው የሸሸግኩት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ታስሬ የቆየሁትም በዚህ ይመስለኛል።

የክፍሉ ሴቶች አለቃ ካቦ ትባላለች። እሷም እስረኛ ናት፤ በሌላ ጉዳይ ከሁላችን በፊት የገባች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴትዮ ናት። በእጇ ወለሉን ለካችና ቦታዬን አሳየችኝ። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። በዚያ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ፤ በዚያው ላይ በጎኔ እተኛለሁ። መገላበጥ የሚቻለው ካቦዋ ስታጨበጭብ ሁላችንም ባንዴ ነው። አንዷ ብቻዋን ከዞረች ረድፉ ሁሉ ይበላሻል።

እኔ ቁጭ ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጠዋት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ብሎክ ደረጃ ከላይ እስከ ታች አጥባለሁ፤ ውሃውን በጀሪካን የማወጣው ራሴ ነኝ። ከዚያ ዘንቢሌን ይዤ ልደታ፣ ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ልደታ። ማታ ደክሞኝ እንጂ አሞኝ ተኝቼ አላውቅም። ሰውነቴን አስቤው አላውቅም ማለት ይቀላል። እንዳለ የሚያገለግለኝ ነገር ነበር።

መጀመሪያ ላይ በእግሬ ያቆመኝ ስግደት ነው። በሩ ሥር ባልዲው የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ አለ። ጠዋት ፖሊሶቹ ቆጥረውን ሲወጡ ባልዲውን ወደ ጎን እናደርግና ተራ በተራ እንጸልይበታለን። አርባ አንድ ጊዜ እሰግድ ነበር። ቦታው ስለማይበቃ ተጣጥፌ ነው፤ ቢሆንም ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ወገቤ ይወርዳል፣ ይነሳል። ለነፍሴ ብዬ ያደረግሁት ሥጋዬንም እየጠበቀልኝ እንደነበረ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ፋሲካ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፣ ስግደትም የለም፤ የደስታ ጊዜ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የማውቀው። እኛ ክፍል ደስታው አልገባም፣ ሥርዓቱን ግን ጠበቅሁ። ልጠይቀው የምችል ቄስ አልነበረም። እኔ ደግሞ እንኳን እዚያ ሆኜ ውጪም ሳለሁ ሳልጠይቅ የማልነካ ፈሪ ነኝ። ስግደቱን ተውኩ፤ ቆሜ ብቻ እጸልያለሁ። በሳምንት ውስጥ ቋንጃዬ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ለመቆም የሰው እጅ አስፈለገኝ። ወገቤ ቁጭ እንዳልኩ ቀረ።

እንደዚህ ሆኜ ነው ፍርድ ቤት የቀረብኩት። መኪናው ሲቆም እንደታጠፈ ወንበር ሳልዘረጋ ወረድኩ። ከመኪናው እስከ ፍርድ ቤቱ በር አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። መሬት መሬት እያየሁ ስሄድ ሰው እንዳያልፍ ከተዘረጋው ገመድ ማዶ የልጄን ጫማ አየሁት። ያን ጫማ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ልጄን ይዛት መጥታለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

«እማ፣ መቱሽ?»

«አልመቱኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ቁጭ ብዬ ነው።»

እውነት ነበር፤ ማንም እጁን አላነሳብኝም። ልጄ ግን ዋሽቶ የተያዘ ሰው እንደሚታይ አድርጋ አየችኝ። ችሎቱ አሥራ አራት ቀን ጨመረብኝ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ምግብ ይዛ መጣች። በአጥሩ በኩል ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠን። ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም እንዳለች ነገረችኝ። ደብተሯን ይዛ ትወጣና ፍርድ ቤቱ በር ላይ ትውላለች፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ እናቴን ሰብረዋታል ትላለች፤ ድምፅዋንም አትቀንስም። ጥበቃው ሁለት ጊዜ አባርሯታል።

«እስካሁን የተዉአት ልጅ ናት ብለው ነው» አለች ጎረቤቴ። «አንድ ቀን የሚሰማት ሌላ ሰው ቢሆንስ? እኔ አስሬ አላስቀምጣት።»

ምሳ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ፤ አልበላሁም። ልጄ በኔ ወገብ ምክንያት ተይዛ እዚያ ክፍል ስትገባ፣ ካቦዋ ሁለት ስንዝር ስትለካላት በሐሳቤ አየሁ። ቁጭ ብዬ ይህንኑ ማየት ሆነ ሥራዬ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ፊቷን ያዞረችን ሴት ማንም አያናግርም፤ የክፍሉ ደንብ ነው።

ደንቡን ያፈረሰችው ከበሩ ሁለተኛ ያለችው ልጅ ናት። ሯጭ ነበረች፤ ለአንድ ክለብ ትሮጥ እንደነበር ከወሬዋ አውቀናል። ቀጭን ናት፣ እግሯ ረጅም፤ ያ ቦታ ከሁላችን ይልቅ ለሷ ነው የጠበባት። ሙስሊም ናት። አምስት ጊዜ ስትሰግድ ባልዲውን የምናነሳላት እኛ ነን። እሷ መሬት ወርዳ ስትነሳ አይቼ የቀናሁበት ቀን አለ፤ የሷ አይቋረጥማ።

«ማዘር፣ ስግደቱን ለምን ተዉት?» አለችኝ። እኔን እርስዎ እያለች ነው የምታናግረኝ፤ ማዘር የሚለው ግን ከአፏ አይጠፋም።

በዚህ ጊዜ አይሰገድም አልኳት።

«እሱ ነበር እኮ የያዘዎት። አሁን ተጣበቁ።»

«አይሰገድም አልኩሽ።»

«እሺ አይሰገድም። ግድግዳ መግፋትስ ይከለከላል?»

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩበት። ስለ ግድግዳ የሰማሁት ነገር አልነበረም።

«ጉልበትዎ መሬት አይነካም፣ ግንባርዎም አይነካም» አለች። «ስትሬች ነው። ሰውነት ማፍታታት። እኛ ሳንሮጥ በፊትም፣ ሮጠን ስንጨርስም የምናደርገው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።»

ስለ ልጄ ሰምታ ነበር ማለት ነው። በዚያ ክፍል የማይሰማ ነገር የለም።

በማግስቱ ቆጠራው ሲያልቅ ደግፋ አስነሳችኝ። ሁለት መዳፌን ግድግዳው ላይ አስቀመጠች፤ አንዱን እግሬን ወደ ኋላ ወሰደችና ተረከዜን መሬት ላይ በእጇ ያዘችው። ባቴ ሊበጠስ መሰለኝ። እንዳልወዛወዝ ነገረችኝ።

«ካመመዎት ይመለሱ። ከሳበዎት ይቆዩ።»

«ማመምና መሳብ እንዴት ይለያል?»

«ይለያል። ያውቁታል። ሰላሳ ይቁጠሩ፤ አንድ ብለው፣ ተንፍሰው፣ ሁለት።»

ስጨርስ እግሬን ቀየረችልኝ። ከዚያ ወገብን በጎን መሳብ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ማዞር። ሁለቱን እግር ለየብቻ ከቆጠርን አራት ነገር ብቻ ነው። ላብ አጠበኝ፤ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ባቴ የኔ መሆኑ ታወቀኝ።

እኔ ሥራ የማውቀው እንደ ደረጃ ማጠብ ነው። ያን ቀን እሷ ዓይኗ ሲከደን እየጠበቅሁ፣ ሰው የመቆሚያ ተራውን ሲተውልኝ፣ ደጋግሜ ግድግዳውን ስገፋ ዋልኩ። አሥራ አራት ቀን የሚፈጀውን ባንድ ቀን ልጨርሰው ፈልጌ ነው። በማግስቱ መነሳት አቃተኝ፤ በሦስተኛውም ቀን። ስታውቅ አልጮኸችብኝም፣ ግን ተቆጣች።

«ማዘር፣ ይሄ ደረጃ አይደለም፤ ጨርሰውት የሚወርዱበት አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። ደግሞ ሰዓት ይኑረው፤ እነሱ ቆጥረውን ሲወጡ እኛ እንቆጥራለን። ከዚያ እስከ ማግስቱ ግድግዳውን አይንኩት።»

እንዲህ ሆነ። ቆጠራው ሲያልቅ አራቱ ነገር፣ ሰላሳ ሰላሳ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታ አምስተኛ ጨመረችልኝ፤ ተቀምጦ አንድ እግር መዘርጋት። ለዚያ ቦታ የለም። ፊት ለፊቴ ያሉት ሴቶች እግራቸውን ወደ ራሳቸው መሰብሰብ አለባቸው።

«ባለቆሎዋ እግሯን ልትዘረጋ ነው» አለች ካቦዋ። «ሀገር ይሰብሰብ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። እያደር ሳይነገራቸው ይሰበስቡ ጀመር። ተራ ይዘው የሚዘረጉም መጡ። ካቦዋ ራሷ አንድ ጠዋት ግድግዳውን ይዛ ቆማ አገኘናት፤ ወገቧን አሟት እንዳልሆነ፣ ግድግዳው የጠና መሆኑን እያየች እንደሆነ ነገረችን።

ይህን ሳወራ የተሻለ ቦታ የነበረ ያስመስለዋል። አልነበረም። አምስት ደቂቃ ነው። የቀረው ቀን ያው ነው፤ ቁጭ ማለትና ልጄ ፍርድ ቤት በር ላይ ስትናገር መስማት። ስንት ጊዜ ከግድግዳው ተመልሼ ተቀምጬ፣ ብዘረጋስ የት ልሄድበት ነው ብያለሁ።

አንድ ጠዋት የበሩ መስኮት ተከፈተ። ፖሊሷ አየችን፤ ሦስት ሴቶች ግድግዳ ይዘን ቆመናል።

«ምን እየሠራችሁ ነው? ስልጠና ነው?»

«ወገብ ነው» አለች ሯጯ።

«የምን ወገብ?»

«የሷ ወገብ።»

ፖሊሷ እኔን ትክ ብላ አየችኝ። መስኮቱ ተዘጋ።

በማግስቱ ነው የመጡት። ቀጠሮዬ አራት ቀን ቀርቶታል። ቆጠራው አልቆ ግድግዳው ላይ ነበርኩ፣ ግራ እግሬን ወደ ኋላ አድርጌ፤ አሥራ ስምንት ላይ በሩ ተከፈተ። ሯጯን ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አሏት። ይህ ቃል ሁለት ነገር ነው። ወደ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል፤ የሚጠራውም ሰው አይነገረውም። ዕቃዋ አንድ ፎጣና አንድ ፌስታል ነው። ልዞር ስል ከኋላዬ ድምፅዋ መጣ።

«አይዙሩ፣ ማዘር። ይጨርሱ።»

አልዞርኩም። አሥራ ዘጠኝ፣ ተነፈስኩ፣ ሃያ። እሷ ያለችውን በትክክል ማድረግ አለብኝ ብዬ፣ አንድ ከጎደለ ጠቅላላው የሚበላሽ መስሎኝ። ሰላሳ ብዬ ስዞር በሩ ተዘግቷል። ባልዲው ብቻ ነው የነበረው። ፊቷን አላየሁትም። የሄደችው እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች የማውቀው ነገር የለኝም።

የተወሰደችው ለፖሊሷ ወገብ ነው ብላ ስለመለሰች ይሁን በሌላ፣ አላውቅም። በሌላ ነው እላለሁ ለራሴ፤ አንዳንድ ቀን አምናለሁ።

ቦታዋን ማንም አልያዘም። አንዷ ወደዚያ ጠጋ ስትል ካቦዋ «ይቆይ» አለች። በማግስቱ ቆጠራው አለፈ፤ እኔ አልተነሳሁም። ለምን እነሳለሁ? ካቦዋ ብዙ ጠበቀችኝ።

«ባለቆሎዋ» አለች በመጨረሻ፣ «እግራችንን ሰብስበን እየጠበቅንሽ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሴቶች በሙሉ ጉልበታቸውን አቅፈዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ተነሳሁ።

የቀጠሮው ቀን መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየን። ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ብረት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ጉልበታችን ተጣጥፎ፣ እጃችን በካቴና። ቀስ በቀስ ወገቤ ሲያዝ ይታወቀኛል። ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴን አዞራለሁ፤ አልበቃም። በሩ ሲከፈት ቀኑን ሁሉ ስፈራው የዋልኩት ነገር ደረሰ፤ እንደ ባለፈው ታጥፌ ወረድኩ። ከገመዱ ማዶ ሰው አለ፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

«ሂጂ» አለኝ ወጣቱ ፖሊስ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

እሱ የኔን ታናሽ ወንድም የሚያህል ነው፤ እርስዎ ያልኩት ከፍርሃት ነው። በታሰሩት እጆቼ የመኪናውን በር ያዝኩና አንዱን እግሬን ወደ ኋላ ወሰድኩ፣ ተረከዜን አስፋልቱ ላይ ተጫንኩ።

«ምንድን ነው?»

«ሰላሳ ልቁጠር።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«አንድ» አልኩ። ተነፈስኩ። «ሁለት።»

ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ትከሻውን ሰበቀ። ከኋላዬ መውረድ ያለባቸው እስረኞች መኪናው ውስጥ ቆመዋል፤ አንዳቸውም አልገፋኝም። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። ግን ሰላሳ ደረስኩ። እግሬን ቀየርኩ፤ እንደገና ሰላሳ። ለምን እንደጠበቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ የመኪናውን በር ለቅቄ ወገቤን አቃናሁና አርባውን እርምጃ ሄድኩ። ባቴ ይስበኛል፤ አላነከስኩም።

ልጄ እዚያው ነበረች። ፊቴን ሳይሆን ወገቤን ነበር የምታየው። አጠገቧ ስደርስ ቀስ ብላ፣ ነገሩ እንደገባው ሰው፣ «አልመቱሽም ማለት ነው» አለች።

«አልመቱኝም። ነገ ትምህርት ቤት።»

«እሺ፣ እማ።»

አመነችኝ። የፈለግሁት ይህን ነበር። ችሎቱ ሌላ ቀጠሮ ሰጠኝ፣ ከዚያም ሌላ። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አሉኝ፤ የኔ ወደ ቤት ሆነ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

ልጄ አሁን ኮሌጅ ናት። ያን ጊዜ ምንም እንዳልሆንኩ ታውቃለች፤ በዓይኗ አይታለች። አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ቀጥ ብዬ በመሄዴ ልጄን ከዚያ በር አነሳኋት፤ እነሱንም ምንም እንዳላደረጉ መሰከርኩላቸው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ቆሎ አሁን በላስቲክ ነው የምሸጠው። እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ አይቀረኝም። የነፍስ አባቴን ስለዚያ ስግደት ጠየቅሁ፤ መሬት ብትነኪም ኃጢአት አይሆንብሽም ነበር፣ ለጤና ነውና አሉኝ። እሳቸው አሁን ነገሩኝ፣ እኔም አሁን አወቅሁ።

ዛሬም ደረጃውን ሳላጥብ በፊት ታችኛው ወለል ላይ ግድግዳውን እይዛለሁ። አራቱ ነገር፣ ሰላሳ ሰላሳ፣ በየቀኑ። ነዋሪዎቹ ለምደውኛል፤ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ጠዋት የሚሮጡ ልጆች በመንገዱ ሲያልፉ ከሰማሁ ወጥቼ ፊታቸውን አያለሁ፤ የሯጯን ፊት ግን አሁን ባገኘው የማውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ስቆጥር አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ እዞራለሁ። የብሎኩ በር ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ እላለሁ።